የመቻል ልብ

ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ ውሻ ልብ ልጽፍ ነው ብዬ ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሁሉም ሣቁ። አንደኛው «የሰው ልብ መች ታክሞ አለቀና ነው?» አለኝ። ነገሩ እውነትነት ስላለው ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከኅዳር እስከ ግንቦት ድረስ ማታ ማታ ሰዓት ይዤ ስቆጥር ያመሸሁት የውሻ ትንፋሽ ስለ ሆነ፣ ስለ ሌላ ነገር ልጻፍ ብል ብዕሬ እሺ አይለኝም። አንባብያን እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ውሻችን መቻል ይባል ነበር። ስሙን ያወጡለት አያቴ ናቸው። በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ጭምር የሚወጣ መሆኑን ወላጆች ያውቁታል። በዚያን ጊዜ በአጥር ምክንያት ከጎረቤት ጋር ቅያሜ ስለ ነበረ፣ አያቴ በየማለዳው ደጅ ቆመው «መቻል! ና እንጂ መቻል!» እያሉ ሲጣሩ፣ ለውሻው ቁርሱ ለጎረቤቱም መልእክቱ ይደርስ ነበር። ቅያሜው ከተፈታ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እንዲያውም ለመቻል አጥንት በማምጣት ጎረቤታችንን የሚቀድም አልነበረም። ስሙ ግን እንደ ወጣ ቀረ።

መቻል ጠጉሩ ዐይኑን የሚሸፍን፣ በተለምዶ ላፕሳ ከሚባሉት የተዳቀለ፣ 7 ኪሎ የማይሞላ ውሻ ነበር። አያቴ ውሻ ወደ ቤት እንዲገባ የማይፈቅዱ ሰው ስለ ሆኑ፣ ማደሪያው በረንዳው ላይ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነበረ። ሌሊት እርሳቸው ሲያስሉ እርሱ ይሰማል፤ እርሱ ሲያስል እርሳቸው ይሰማሉ። አያቴ የልብ በሽተኛ ናቸውና። በየ3 ወሩ ለክትትል ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ እስከ ቀጠሮው ቀን የሚበቃቸውን ኪኒን አንድ በአንድ ቆጥረው በመሐረብ ይቋጥሩና ከትራሳቸው ሥር ያኖሩታል። ከኪኒኖቹም አንዱ ሽንት የሚያሸና፣ በሳንባና በእግር የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያወጣ ነው። ፉሮሴማይድ ይባላል።

መቻል ማሳል የጀመረው በጥቅምት ነው። በመጀመሪያ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ተባለና ዘይት አጠጣነው። ከዚያም ብርድ መትቶት ነው ተባለና ጆንያ ደረብንለት። ሳሉ ግን ቀን እያረፈ ሌሊት ይብስበት ጀመር። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቀን ማታ የግቢው በር ሲንኳኳ እንደ ልማዱ እየጮኸ ሮጠና በመንገዱ እኩሌታ ላይ በጎኑ ወደቀ። ሞተ ስንል ተነሣና እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ተመለሰ። በዚያች ሌሊት መተኛት አቃተው። የፊት እግሮቹን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ተቀምጦ ይተነፍስ ነበር። አያቴ ሕመማቸው ሲነሣባቸው በሁለት ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው የሚያድሩትን ማየት ለለመደ ሰው፣ የመቻል አቀማመጥ እንግዳ አልነበረም።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር መናገር አለብኝ። ገንዘብ አልነበረኝም፤ ሐኪም ዘንድ የምሄደውም ቅዳሜ እንጂ ከዚያ በፊት አልነበረም። ስለዚህ አያቴ ለጸሎት በተነሡበት ሰዓት ከመሐረባቸው አንድ ኪኒን ወሰድሁ፤ ሰብሬም ግማሹን በእንጀራ ጠቅልዬ ለመቻል ሰጠሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አጥሩ እየተመላለሰ ብዙ ሸና፤ ወደ ንጋት ላይም ራሱን በእግሮቹ ላይ አሳርፎ ተኛ። ደስታዬ ስለ በዛ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ደገምሁት። በጠቅላላው የወሰድሁት አንድ ኪኒን ተኩል ነው። ምን አላት ያልሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጧት መቻልን በዘንቢል አድርጌ ባጃጅ ያዝሁ። ሹፌሩ «ውሻ ከሆነ ሒሳቡ እጥፍ ነው» ብሎ ነበር፤ ዘንቢሉን ገልጦ ካየው በኋላ ግን «ይህማ የሕፃን ያህል ነው» ብሎ የአንድ ሰው ብቻ ተቀበለኝ። በከተማችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ፣ እንስሳ ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለቢሾፍቱ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰው የሚወስደው የምታልብ ላም፣ የሚደልብ በሬ፣ የምትጥል ዶሮ ነው። እኔ የሄድሁበት የግል ክሊኒክ ደጃፍ ላይ አንድ ገበሬ ጥጃ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ወደ ዘንቢሌ ተመልክተው «ይህስ ምን ይሰጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ሳይቀልዱ ነው የጠየቁኝ። ምንም እንደማይሰጥ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወረፋቸውን ለቀቁልኝ፤ ለምን እንደ ለቀቁልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሐኪሙ ማዳመጫውን በመቻል ግራ ደረት ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ከዚያም ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና «ስማ» አሉኝ። ጤነኛ ልብ ሁለት ድምፅ አለው፤ ሁለቱም አጭርና ጥርት ያሉ ናቸው። የመቻል ልብ ግን በሁለቱ መካከል ከተሰነጠቀ ቧንቧ እንደሚወጣ ውኃ ሹሽ ይል ነበር። ይህ ድምፅ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ እንደሚመደብና የመቻል 4 እንደ ሆነ ሐኪሙ ነገሩኝ።

ቀጥለውም በወረቀት ላይ ሥለው አስረዱኝ። የውሻ ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል አለው። በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ የሚባለው በር ሁለት ስስ ከንፈሮች አሉት። ልብ ሲጨመቅ ከንፈሮቹ ገጥመው ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ። ትንንሽ ውሾች ሲያረጁ ከንፈሮቹ እየወፈሩና እየተኮማተሩ መግጠም ያቅታቸዋል። ደሙ ወደ ላይኛው ክፍል ይመለሳል፤ ክፍሉም እየሰፋ በላዩ ያለውን የአየር ቧንቧ ይጫናል፤ በመጨረሻም ውኃው ወደ ሳንባ ይሰርጋል። ይህ በሽታ ከውሻ የልብ በሽታዎች ሁሉ ይልቅ የተለመደው ነው። እንደ ዶበርማን ያሉት ትልልቅ ውሾች ግን ብዙውን ጊዜ የሚታመሙት በበሩ ሳይሆን ልባቸው ጡንቻው ደክሞ ሲለጠጥ ነው። የድመት ደግሞ በተቃራኒው ጡንቻው ይወፍራል፤ አንዳንድ ጊዜም በልቧ ውስጥ የረጋ ደም ሄዶ የኋላ እግሮቿን በድንገት ሽባ ያደርጋቸዋል።

«የአያቴም በሽታ የዚሁ በር ነው» አልኋቸው።

«በሩ አንድ ነው፤ ያበላሸው ግን ሌላ ነው» አሉኝ። በሰው ላይ፣ በተለይም በእኛ አገር፣ በልጅነት የሚይዝ የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ራሱ የልብን በር ያቆስለዋል፤ ቁስሉም ሲሽር ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ውሻን እንዲህ ያለው ሕመም አያገኘውም። ይህን ሲነግሩኝ ስለ ኪኒኑ መናዘዝ ግድ ሆነብኝ። ሐኪሙ ተቆጡ። ፉሮሴማይድ ለውሻም የሚሰጥ መድኃኒት ቢሆንም በኪሎ ተለክቶ ነው፤ ሲበዛ ከውኃው ጋር ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ያጥባል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። «ይህኛውስ እሺ፤ ለድመት ፓራሲታሞል ሰጥተው ገድለው የሚያመጡልኝ አሉ» አሉኝ። ከዚያም ልኩን ጻፉልኝ፤ ኤናላፕሪል የሚባለውንም ጨመሩበት፤ እርሱም ከሰው መድኃኒት ቤት የሚገዛ ነው። የልብን ጡንቻ የሚያበረታ ፒሞቤንዳን የሚባል ሦስተኛ መድኃኒት አለ፤ እርሱ ግን በእጃቸው አልነበረም። የነበራቸውም አልትራሳውንድ የላምን እርግዝና የሚያዩበት እንጂ የትንሽ ውሻን ልብ በር የሚያሳይ አልነበረም።

«በሌላ አገር ለዚህ ብቻ የተማሩ ሐኪሞች አሉ» አሉኝ። «እኛ ያለን ጆሮና ሰዓት ነው። ሲተኛ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቁጠር። ከ30 በታች ከሆነ ተኛ። ከዚያ በላይ እየወጣ ከሄደ ወደ እኔ አምጣው።» ለመጽሐፍ መግዣ ያስቀመጥሁት ገንዘብ በዚያች ቀን አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቆጠራው ነው። አሮጌ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን እጽፍ ነበር፤ 26፣ 24፣ 28፣ 25 እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ንባብ ነው። ለውሻ ልብ ብቻ የሚማሩ ሐኪሞች ከየት መጡ የሚለው ነገር ዕረፍት ነሣኝ።

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዴትዋይለር የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የእንስሳት ሐኪሞች ስለ ውሻ ልብ ብዙ አይጨነቁም ነበር። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በፊላዴልፊያ ወደ ክሊኒክ የመጡትን ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ውሾች ልብ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የውሻ የልብ በሽታ ብርቅ እንዳልሆነም በዚህ ታወቀ። ዛሬ የውሻና የድመት ልብ ሐኪም ለመሆን የእንስሳት ሕክምና ከተማሩ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት በልብ ላይ ብቻ መሥራትና ከባድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በጃፓን ማሳሚ ኡኤቺ የተባሉት ሐኪም የትንንሽ ውሾችን ልብ አቁመው፣ ደሙን በመኪና እያዞሩ፣ የተበጠሱትን የበሩን ክሮች በሰው ሠራሽ ክር ይተካሉ። ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሐኪሜ በእጃቸው ያልነበረው ፒሞቤንዳንም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በ360 ውሾች ተፈትኖ፣ ልባቸው ሰፍቶ ገና መታከት ያልጀመሩትን ውሾች ከበሽታው መባባስ ወደ 15 ወር ያህል እንዳቆያቸው ታይቷል። ለውሻ 15 ወር ብዙ ዕድሜ ነው።

ስለ በሩ ክሮች ካነበብሁ በኋላ በዐይኔ ለማየት ፈለግሁ። ለገና በታረደው በግ ምክንያት ዕድል አገኘሁ። ልቡን ለምኜ በረንዳው ላይ በቢላዋ ከፈትሁት። እውነትም ከንፈሮቹ ከታች በነጫጭ ክሮች ተይዘዋል፤ እንደ ጃንጥላ ወታደር ገመድ ናቸው፤ ክር ብቻ ቢሆኑም በጣቴ ስስባቸው አልበጠስ አሉኝ። መቻል አጠገቤ ተቀምጦ ሥራዬን በታላቅ ትጋት ይከታተል ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ የመማሪያውን ዕቃ በላው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁ ብዙ ሕፃናት አሉ። ይህን እያወቁ በአሥር ሺህ ዶላር የአንድን ውሻ ልብ ማሳደስ ለእኔም ይከብደኛል፤ ገንዘቡ የእኔ ቢሆን ምን እንደማደርግ ደፍሬ አልናገርም። ነገር ግን «ውሻ ከሰው ልብ ጋር ምን አገናኘው» የሚለውን ንግግር ካነበብሁ በኋላ መቀበል አልቻልሁም።

እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በለንደን ኦገስተስ ዎለር የተባለ ሊቅ ጂሚ የተባለ ውሻውን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አቆመው። ውሻው እግሮቹን ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ አድርጎ ሲቆም፣ የልቡ ኤሌክትሪክ በመሣሪያ ታየ። ይህ በውሻው ላይ ጭካኔ አይደለም ወይ ተብሎ በእንግሊዝ ፓርላማ ጥያቄ እስከ መቅረብ ደረሰ። ዛሬ አያቴ በደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ የሚነሡት የልብ ምርመራ ታሪኩ በጂሚ በኩል ያልፋል።

ከዚህ የሚበልጠው የአና ታሪክ ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሰውነታቸው የሚጠቁርባቸውን፣ ልባቸው ሲፈጠር ጉድለት ያለባቸውን ሕፃናት ለማዳን በተደረገው ጥናት፣ ቪቪየን ቶማስ የተባለ ጥቁር የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ቀዶ ሕክምናውን በውሾች ላይ እየደጋገመ አጠናው። የሕክምና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ይህም የሆነው ገንዘቡ ባንክ በመክሰሩ ስለ ጠፋበት ነው። ብዙ ውሾች ሞቱ። ለረጅም ጊዜ በሕይወት የቆየችው የመጀመሪያዋ አና የምትባል ነበረች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1944 ዓ.ም. ዶክተር አልፍሬድ ብሌሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲያክሙ፣ ቶማስ ከኋላቸው በርጩማ ላይ ቆሞ ይመራቸው ነበር። በኋላም የአና ሥዕል ተሥሎ በዚያው ተሰቀለ። ለቶማስ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ነው። የውሻዋ ሥዕል መቅደሙን ሳነብ ሣቄም ንዴቴም አብረው መጡ። እንግዲህ ውሻ ለሰው ልብ ያበደረው ብዙ ስለ ሆነ፣ ከሰው የተረፈች ግማሽ ኪኒን ብትደርሰው እንደ ስርቆት መቆጠሯ አይገባኝም።

የእኔዋ ግን ከሰው የተረፈች አልነበረችም። ይህን ያወቅሁት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የአያቴ ኪኒን ከቀጠሯቸው ቀን ቀድሞ አለቀ። በአቅራቢያችን ባሉት መድኃኒት ቤቶች ፈለግን፤ በዚያ ሳምንት አልነበረም። በማግስቱ ማታ እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ አለ። በሁለት ትራስ የሚያድሩት ሴት በሦስት ትራስ ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ልክ መቻል ይተነፍስ እንደ ነበረው ሲተነፍሱ አየሁ። ቀጠሮው ደርሶ አዲስ አበባ እስኪሄዱ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ ውኃ ከማቅረብ በቀር የሠራሁት የለም።

ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኋቸው።

«አውቄዋለሁ። ቆጥሬ አይደለም ወይ የማስቀምጠው?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉ።

«ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»

አሰቡበት። አያቴ ለማስደሰት ብለው የሚዋሹ ሰው አይደሉም። «አይ፣ አልሰጥህም ነበር። ግን ትጠይቀኝ ነበር» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመቻል ኪኒን በራሱ ቋጠሮ፣ የእርሳቸውም በራሳቸው ቋጠሮ ሆነ። ጧት በ12 ሰዓት እርሳቸው የራሳቸውን በውኃ ይውጣሉ፤ የእርሱንም እኔ በእንጀራ ጠቅልዬ በመስኮት በኩል እሰጠዋለሁ። «ጓደኛዬ ዋጠ?» ብለው ሳይጠይቁ የቀሩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደብተሩን ገልጠው ቁጥሩን እንዳነብላቸው ያደርጉም ነበር፤ 30 ሲሞላ ፊታቸው ይለወጣል።

በመጋቢት ቁጥሩ 30ን አለፈ። ሐኪሙ ልኩን ጨመሩ፤ ወደ 27 ተመለሰ። በሚያዝያ እንደ ገና 34፣ ቀጥሎም 38 ሆነ፤ መብላትም ቀነሰ። ግንቦት 9 ቀን ማታ 46 ቆጠርሁ። በነጋታው ማለዳ መቻል ከመስኮቱ ሥር በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት፤ የምቆጥረው አልነበረም። ጉድጓዱን ከእኔ ጋር የቆፈሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ የተቀበረውም በዚያ ባጣላው አጥር ሥር ነው። አያቴ «ለውሻ አይለቀስም» ብለው ከልክለውኝ ነበር። እርሳቸው ግን እስከ ሦስት ቀን ድረስ መስኮቱን አልከፈቱም።

ደብተሩ ብዙ ያልተጻፈባቸው ገጾች ቀርተውታል። በሰኔ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሣሁና ሰዓቴን ይዤ ከአያቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጥሁ። 11 ላይ ስደርስ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ምን ትሠራለህ?»

«ትንፋሽዎን እየቆጠርሁ ነው።»

«ወይ ጉድ! እንግዲህ እኔንም እንደ ውሻ ቆጠርኸኝ!» ብለው ሣቁ፤ ሣቁም ሳል ሆነና ቆጠራዬ ጠፋ። ትራሳቸውን አስተካከልሁላቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዐይናቸውን እንደ ጨፈኑ «ስንት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከአንድ ጀመርሁ።